አቶ ጥናቱና የመኪናቸው ቀለም

በየሰፈሩ መወሰን የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ሱቅ ይዘጋል፣ ጋራዥ ይነሳል፣ ተከራይ ይቀያየራል፤ እሱ ግን የትም አይሄድም። ለመሄድም መወሰን አለበታ! ለአንዳንዱ አጎቱ ነው፣ ለአንዳንዱ አለቃው ነው። ዕድለ ቢሱ ደግሞ ዳቦ ቤት ተሰልፎ ሳለ ያገኘዋል፤ ከፊቱ ቆሞ፣ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ “ክቡ ይሻላል ረጅሙ?” እያለ ባለዳቦውን ሲመረምር።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ክቡር አቶ ጥናቱ ይባላሉ። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን የሚያስታውሰው የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥናትና ዕቅድ ክፍል ውስጥ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ዕቅዱን እዚያው ትተው ጥናቱን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ምን ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ “ነገሩ ጥናት ይፈልጋል።” አዲስ ተከራዮች እውነተኛ ስማቸው እየመሰላቸው “አቶ ጥናቱ፣ እንደምን አደሩ?” ይሏቸዋል። እሳቸውም “እግዚአብሔር ይመስገን” ብለው ያልፋሉ። ያርሟቸው ወይስ ይተዉአቸው ገና አልወሰኑም።

አንድ ልጃቸው ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የእሷ ሥራ “አለ” ወይም “የለም” ማለት ነው፤ “ሊኖርም ይችላል፣ እስቲ እናጥናው” የሚባል የምርመራ ውጤት አታውቅም። እንዲህ ያለች ሴት ከእንዲህ ያለ አባት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖሯ እንግዳ ነገር ነው። ግን ትኖራለች፤ ትወዳቸዋለችም። አንዳንድ ቀን ብቻ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ፎጣ ነክሳ ትጮኻለች።

ለዚህ ደግሞ ምክንያት አላት። እሷ ስትወለድ አባቷ ስም ሲያጠኑ ልጅቷ መዳህ ጀመረች። ሰው ሁሉ “ሚጣ” እያለ ሲጠራት ከርሞ፣ እናቷ አንድ ቀን ለክትባት ወስደዋት ክሊኒኩ ውስጥ ስም አስመዝግበው ተመለሱ። ፍሪጅ ይገዛ የተባለ ጊዜ አቶ ጥናቱ የጎረቤቱን ፍሪጅ ሁሉ እየከፈቱ አዩ። በማን ቤት ምን እንዳደረ፣ የማን ወተት እንደተበላሸ ከባለቤቶቹ ቀድመው የሚያውቁበት ወቅት ነበር። ጥርሳቸውን ያመማቸው ጊዜ “ይነቀል ወይስ ይሞላ” የሚለውን ከሐኪም ሐኪም ሲያዞሩ ጥርሱ ታከተውና በራሱ ጊዜ ወለቀ። ፀጉር ቤት ሲገቡ ደግሞ አስተካካዩ ገና ከበር ላይ “ጋሼ፣ እርስዎ መጨረሻ ላይ” ይላቸዋል። አሁን አሁን ፀጉራቸው ስለሳሳ ምርጫው ጠቧል፤ ይህን እንደ ትልቅ እፎይታ ነው የሚያወሩት።

ይህን ሁሉ ጥናት የሚዘጉት ባለቤታቸው ነበሩ። የስልክ ማዞሪያ ላይ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። መስመር ሲጮህ ሶኬቱን አንስቶ ማገናኘት እንጂ “ይህን ሰው ከዚያኛው ጋር ላገናኘው ወይስ ይቅርብኝ?” የሚባል ነገር በሥራቸው የለም። ባላቸው እራት ላይ ስለ ፍሪጅ ሲተነትኑ፣ ስለ መጋረጃ ሲተነትኑ፣ ሳይናገሩ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ከኋላቸው ፍሪጅ የጫነች መኪና ትከተላለች። ቦርሳቸውን ወንበር ላይ ያደርጉና “ጨርሻለሁ” ይላሉ። ይኸው ነው። አቶ ጥናቱ ለወጉ ያህል ትንሽ ያኮርፉና ፍሪጁን ከፍተው መብራቱን ማድነቅ ይጀምራሉ።

ከዚያ እኒህ ሴት ሞቱ። ብዙም ሳይታመሙ፣ በኖሩበት ፍጥነት ሄዱ። ቤቱ ውስጥ ጥናት ብቻ ቀረ።

የመኪናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሮጊት አውቶሞቢል ናት፤ ቀለሟ ደብዝዞ ሻይ ውስጥ የቆየ ብስኩት መስላለች። ኮፈኗ ፀሐይ እንዳቃጠለው ትከሻ ይላላጣል። ዓመታዊ ምርመራ ሲወስዷት መርማሪው ጎንበስ ብሎ ከበሩ ሥር በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ጣቱ ሰተት ብሎ ገባ። ቀና ብሎ አያቸው።

“አባቴ፣ ይህቺ መኪና በብረት ሳይሆን በይሉኝታ ነው የተያያዘችው። ለዛሬ አሳልፌያታለሁ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሆና ከመጣች ግን አላውቅዎትም።”

አቶ ጥናቱ ይህን ሰምተው ወደ ቤት የገቡት በጥናት ርዕስ ተጥለቅልቀው ነው። ልጃቸው ገና ጫማዋን ሳታወልቅ “ይቀባ ወይስ ስቲከር ይልበስ?” አሏት።

“የቱ ይሻላል?” አለች፤ ይህን ጥያቄ እሳቸውን መጠየቅ እንደማይገባ ረስታ።

እንግዲህ መኪናን ስቲከር ማልበስ ማለት ቀለሙን ሳይነኩ ከላይ በቀጭን ፕላስቲክ መጠቅለል ነው። ቶሎ ያልቃል፣ በፈለጉት ቀለም ይገኛል፣ ከጭረትም ይከላከላል ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ፀሐይ ይበላዋል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ መኪና እንደ ደብተር ሲለበድ አያምርም ይላሉ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ለስቲከር ቆመ፤ ባለሱቁ ለቀለም። በዚህ የተነሳ ለጥቂት ጊዜ ሰላምታም ቀንሰው ነበር። አቶ ጥናቱ የሁለቱንም ሐሳብ በእኩል አክብሮት እየሰሙ ይመላለሱ ጀመር።

የመስክ ጥናትም ነበር። መኪና ማቆሚያ በሄዱበት ሁሉ የሰው መኪና ይዳብሳሉ፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ይፈትሻሉ። ጥበቃዎች ሁለት ሦስት ጊዜ አስቁመዋቸዋል። አንድ ቀን ልጃቸው አብራቸው ሳለች ሰው የሌለበት መስሏቸው አንዱን አብረቅራቂ መኪና በር ሲያሻሹ መስኮቱ ዝቅ አለ። ውስጥ የተቀመጠች፣ አምራና ተኳኩላ የወጣች ወይዘሮ፣ “ምን ፈለጉ አባቴ?” አለች።

አቶ ጥናቱ ባርኔጣቸውን አነሱ። “ይቅርታ እመቤት። ቀለም ነዎት ወይስ ስቲከር?”

መስኮቱ ወደ ላይ ወጣ። ልጃቸው አባቷን በክንዳቸው እየጎተተች ወሰደቻቸው። ሳቋን አፍና መናገር ስላቃታት ቤት እስኪደርሱ ድረስ የተናደደች መስሏቸው ነበር።

በመጨረሻ ስቲከር ቤቱ ድረስ ይዛቸው ሄደች። መስተዋት በመስተዋት የሆነ፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ቤት ነው። ባለቤቱ ፂሙ በክር ተለክቶ የተከረከመ የሚመስል ጎልማሳ ሲሆን ሰውን ሁሉ “ፋዘር” እያለ ይጠራል።

“ፋዘር፣ አይጨነቁ። ካልወደዱት ይላጣል!”

አቶ ጥናቱ ጆሯቸውን ማመን አልቻሉም። “ይላጣል?”

“ይላጣል።”

“የድሮው ቀለምስ?”

“ከሥሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።”

ልጃቸው የአባቷ ፊት እንዲህ ሲበራ ካየች ቆይታለች። ሰው የወሰነውን ነገር የሚልጥበት ዘመን መጥቶ እሳቸው ሳይሰሙ! ነገሩ ያለቀ መሰላት። ባለስቲከሩ ግን ወጣ ብሎ መኪናዋን ሲያይ ፈገግታው ቀነሰ። ፕላስተር ቆርጦ ኮፈኗ ላይ ለጠፈና ሳብ አደረገው። ፕላስተሩ ከነቀለሙ ተነሳ፤ ከሥሩ የዛገ ብረት አፈጠጠ።

“ፋዘር፣ አልዋሽዎትም” አለ። “ስቲከር የሚይዘው ቀለሙን ነው። ቀለሙ ራሱ መኪናዋን ካልያዘ እኔ ምኑን ልያዝ? መጀመሪያ ያስፍቁና ያስቀቧት። ከዚያ እኔ አለብሳታለሁ።”

አቶ ጥናቱ አገጫቸውን አሹ። “ስለዚህ ሦስተኛ አማራጭ አለ ማለት ነው” አሉ።

ልጃቸው ግንባሯን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስደገፈች።

ወደ ቀለም ቀቢው ጋራዥም ሄዱ። ቀቢው ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የቀለም ብናኝ የማይጠፋ፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሽማግሌ ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና “እስከ ብረቱ እፍቃታለሁ” አለ።

“ሁሉንም?” አሉ አቶ ጥናቱ።

“ሁሉንም።”

“ጣሪያዋን እንኳን መተው አይቻልም?”

“ጋሼ፣ ግማሽ ራስ ተላጭቶ ግማሹን መተው ይቻላል?”

አቶ ጥናቱ ኮፈኗን በመሐረባቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። “ነገሩ ጥናት ይፈልጋል” ብለው ሞተር አስነሱ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት አባትየው ልጃቸውን ከሆስፒታል ይዘዋት ሲመጡ ዝናቡ በዛገው ቀዳዳ ገብቶ እሷ ከተቀመጠችበት የኋላ ወንበር ሥር ኩሬ ሠራ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት አዲስ ጫማዋ ውሃ ጠጥቶ ቤት ስትደርስ ትዕግሥቷ አለቀ። በር ላይ እንደቆመች ጮኸች።

“አባዬ፣ ቀለም ነው እኮ! ቀለም! ቤት መግዛት አይደለም፣ ሚስት ማግባት አይደለም! ሰው እንዴት በአንድ ቀለም ይሄን ያህል ይታሻል?”

አቶ ጥናቱ ኮታቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉ፤ ከዚያ የተጣመመ ይመስል እንደገና አስተካከሉት።

“ልክ ነሽ” አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። “እናትሽ ብትኖር እስካሁን ጨርሳው ነበር።”

ልጅቷ እርጥብ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ይህን ሁሉ ዓመት፣ እሷም ሰፈሩም፣ እናቷን የአባቷ ጥናት ሰለባ አድርገው ነበር የሚያዩአቸው። አሁን ግን እነዚያ እራቶች ትዝ አሏት። እናቷ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ የፍሪጁን ወሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሰሙ። ደግሞም ገዝተው ያመጡት ፍሪጅ አባቷ ደጋግመው እያነሱ “መቼም ውድ ነው” እያሉ የሚተዉት፣ ዓይናቸው ያረፈበት ያው ፍሪጅ ነበር። ሥራው የሁለት ሰው ነበር እንጂ የአንድ አልነበረም። አንዱ ያገላብጣል፤ አንዷ ሰምታ ሰምታ፣ ልቡ ወዴት እንዳደላ ባየች ጊዜ ትቆርጣለች። አባቷ እንግዲህ ግማሽ ሥራውን ይዘው፣ ማን እንደሚረከባቸው ሳያውቁ፣ ሰፈሩን ሲዞሩ ነበር የከረሙት።

ሻይ አፍልታ መጣችና ከፊታቸው ቁጭ አለች። አገጯን በመዳፏ ደገፈች።

“ንገረኝ” አለች። “ከመጀመሪያው። ቀለሙስ ምን ይጎድለዋል? ስቲከሩስ?”

አቶ ጥናቱ መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩዋት። ከዚያ ጀመሩ። የፀሐዩን፣ የጠርዙን፣ የብናኙን፣ የባለሱቁን፣ የፀጉር አስተካካዩን። ሻዩ ቀዘቀዘ። እሷ ግን እያዳመጠች አንድ ነገር አስተዋለች። የመፋቁ ነገር ላይ በደረሱ ቁጥር አባቷ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው በዚያ በኩል አያልፉም፤ ዞረው በሌላ ይመለሳሉ።

“የመኪናዋን ቀለም ማን ነበር የመረጠው?” አለች።

“እናትሽ ናት” አሉ፤ ስኒያቸውንም አነሱ።

በማግስቱ ዕረፍቷ ነበር። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አንስታ መኪናዋን ወደ ቀቢው ነዳች። ቀቢው ገና ሳትወርድ “ተወሰነ?” ብሎ ጮኸ።

“ተወሰነ። ዝገቱ ይቆረጥ፣ ብረት ይለጠፍ፣ እስከ ብረቱ ይፋቅ። ቀለሙ ግን የመጀመሪያው ቀለም ይሁን። ምን እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ሳውቃት እንዲህ ናት።”

ሽማግሌው ራሱን አከከና “እንግዲህ ፀሐይ ያላየው ቦታ መፈለግ ነዋ” አለ። ከመሣሪያዎቹ መሐል መፍቻ መርጦ የኋላ መብራቷን ፈታ። መብራቱን ወደ ጎን ሲያደርገው ልጅቷ አፏን ያዘች። ከሥሩ፣ አንድም ቀን ሳይጠወልግ፣ ብርቱካን ቀለም ተቀምጧል። ደብዛዛ አይደለም፣ ቡኒ ቢጤ አይደለም። ገና እንደተላጠ ብርቱካን ዓይን የሚወጋ፣ የሚያሳፍር፣ የሚያስቅ ብርቱካን!

አባቷን በስልክ ጠራቻቸው። ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ መጡ። ልጃቸው ሳታማክራቸው መኪና አምጥታ ማስፈታቷን ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና መብራቱ የነበረበትን ቦታ ሲያዩ ዘጉት። አንድ የተጋደመ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ።

“ይኸውልሽ” አሉ። “እኔ ያን ጊዜ ግራጫና ነጭ ሳጠና ነው የከረምኩት። ግራጫ አቧራ አያሳይም፤ ነጭ ደግሞ ሙቀት አይስብም። እናትሽ አንድ ቀን ሄዳ ሻጮቹን ‘ብርቱካኑን ስጡኝ’ አለቻቸው። እኔ ተናድጄ፣ ‘ሰው ምን ይላል? ጭማቂ ሻጭ ነን?’ አልኳት።”

“እሷስ?”

“ዓይኗ ከሩቅ አይለይም ነበር፤ አታውቂም። መነጽር ቢገድሏትም አታደርግም። ከዚያ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ግራጫ መኪና ነበር ማዞሪያው በር ላይ የምጠብቃት። አንድ ቀን የሰው ግራጫ መኪና ከፍታ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ‘ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የዘገየኸው’ ብላ አንድ ደንጋጣ የባንክ ሠራተኛ ተቆጣች። እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ።” አቶ ጥናቱ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረባቸው። “እና ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘መንገዱን ግራጫና ነጭ ሞልቶታል። እኔ ስወጣ አንተን ወዲያው ነው ማየት የምፈልገው’ አለች።”

ቀቢው አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና ቀስ ብሎ፣ እሱን በማይመስል ድምፅ፣ “እና እንዲህ ልቀባት ጋሼ?” አለ።

“እንዲህ ቀባት።”

“ከላዩ ስቲከር የምትሉትስ ነገር?”

“ስቲከር ይላጣል” አሉ አቶ ጥናቱ። “ይሄኛው እንዲላጥ አልፈልግም።”

መኪናዋ ተቀብታ የወጣችበት ቀን ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ነበር። ባለሱቁ ድል እንዳደረገ ሰው እጁን አጣምሮ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራስ ላይ ትቶ ወጣና፣ ስቲከር አለመሆኑን እያወቀ፣ “ስቲከር ትመስላለች” ብሎ መሰከረላት። አቶ ጥናቱ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው፣ እየተሸማቀቁም እየተንቀባረሩም፣ ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። ልጃቸው ከኋላ ተቀምጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቦታዋ ያ ነው፤ እናቷ ከሞቱ በኋላም አባትና ልጅ ሳይነጋገሩበት በዚያው ቀጠሉ። ለሚያያቸው እሳቸው ሾፌር፣ እሷ ባለሥልጣን ትመስላለች።

የድሮው ስልክ ማዞሪያ ያለበት መንገድ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ፍጥነት ቀነሰች፤ ጥግ ይዛ ቆመች። ሕንፃው አሁን የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። በሩ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ሶፋዎች ተደርድረዋል። አቶ ጥናቱ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ በሩን ያያሉ። ከኋላ ክላክስ ይጮኻል።

“አባዬ፣ ለምን ቆምን?”

“እኔንጃ” አሉ። ራሳቸውም ገርሟቸዋል። “እግሬ ነው።”

ልጅቷ የኋላውን በር ከፍታ ወረደችና ዘጋችው። በመኪናዋ ፊት ዞራ፣ የፊተኛውን በር ከፈተች፣ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ በእናቷ ልክ ወደፊት እንደተሳበ ስለነበር ለሷ ቢጠባትም አላስተካከለችውም፤ ጉልበቷን ሰብስባ ቀበቶዋን አሰረች።

አቶ ጥናቱ ዞር ብለው አዩዋት። የኋላው ክላክስ አሁን ወደ ስድብ ተሸጋግሯል።

“በላይ በኩል ብንሄድ መንገዱ ጥሩ ነው፤ ግን መብራት ይበዛዋል” አሉ። “በታች በኩል ደግሞ ያጥራል፤ ግን...”

“በታች በኩል” አለች ልጃቸው።

አቶ ጥናቱ ፍሬቻ አበሩ።